ጋሪው ለሁለት ይሁን

ጠባች። ስንዱዬ፣ ልጅቷ ጠባች። ከትናንት ወዲያ ሐሙስ፣ ለዘጠኝ ሰዓት ጥቂት ሲቀረው፣ ሦስት ቀን ሙሉ አፏን ገጥማ የሰነበተችው ልጄ ጡቴን ይዛ ጠባች። ትናንትም ጠባች። ይኸው አሁን ይህን ስጽፍልሽ ከወንድሟ ጎን ተኝታ አገጯ ላይ የወተት ጠብታ ደርቆ ይታየኛል። ሰላምታውን ሳላስቀድም ወሬውን በመዘርገፌ አትቀየሚኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አሁን በሥርዓቱ ልጀምር። እኅት ዓለሜ፣ አንቺስ እንደምን ሰንብተሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ሕመም ተወሽ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስጎነብስሻል? ባልሽ በላይነህ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጅሽ ደምሌስ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት ወይ? አዲስ አበባ ዝናብ ጥሏል ይላሉ፤ እኛ ጋ ግን የበልጉ ደመና ይመጣል፣ ያንዣብባል፣ ነፋሱ ጠርጎት ይሄዳል። እኔ ለኪዳነ ምሕረት ምስጋና ይግባትና ጤናዬ ደህና ነው። በአርባ አንድ ዓመቴ መንታ ወልጄ በእግሬ መቆሜን ያየ ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሲለኝ እኔም ራሴን እንኳን እላለሁ። ሁዳዴም ቢሆን አማቴ እማሆይ ወለተ ሚካኤል የአራስ ጾም የለም ብለው ገንፎውን በቅቤ አርሰው በእጃቸው ያጎርሱኛል። ከወገዳ ድረስ በእግራቸው የመጡት እኔን ሊያርሱ ነው፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ወደ ታች ስለ እሳቸው የምጽፈውን ስታነቢ እንዳትፈርጂባቸው ነው።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል፤ ከግሪኩ ሱቅ ያመጣሽውን የመንታ ልጆች ጋሪ ሥዕል ማለቴ ነው። ባሌን ቀለመ ወርቅን ታውቂው የለ፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለሆነ የታተመ ወረቀት ሁሉ ቆሞ ነው የሚያነበው። የጋሪውንም ቆሞ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ፍርድ እንደሚያሰማ ሰው አነበበልን። ሦስቱን ሥዕሎች ግድግዳው ላይ በእሾህ ሰክቼ ስንት ቀን አየኋቸው መሰለሽ። የመጀመሪያው ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው፣ መካከሉ በሸራ የተከፈለው ነው። ሁለተኛው አንዱን ከፊት አንዱን ከኋላ የሚያደርገው ረጅሙ። ሦስተኛው እንደ ታንኳ ጎድጎድ ያለው፣ መካከሉ ምንም የሌለበት፣ ልጆቹ እግር ለእግር ገጥመው ፊት ለፊት የሚተያዩበት።

በወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ፣ በደቃቁ፣ ለአንድ ልጅ የሚሆንም አለ፣ እንደ ሁኔታው ጻፊልኝ ያልሽውንም አይቼዋለሁ። አልተቀየምኩሽም። ሁለተኛዋ ደካማ ናት ብዬ የጻፍኩልሽ እኔው ነኝ። ነገር ግን ያቺን መስመር ካነበብኩ ወዲህ ሥዕሎቹን ባየሁ ቁጥር ልቤ ወደ ጀርባው ይሄዳል። ባለሱቁም የሚያቆይልሽ እስከ ሆሣዕና ብቻ ነው ብለሻል። እንግዲህ እግዜር ያላሳወቀኝን ነገር በሁለት ሳምንት ውስጥ ወስኜ፣ ለአንድ ነው ወይስ ለሁለት ብዬ፣ ልጽፍልሽ ነው ማለት ነው። ሳልመልስልሽ የዘገየሁት ለዚህ ነው።

እስከዚያው ግን መለካቴን አልተውኩም። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ይዤው የቀረሁት የእንጨት ሜትር አለ። የቤታችን በር ሰባ አንድ ሳንቲ ሜትር ነው። ጎን ለጎኑ ሰማንያ ሦስት ነው ብለሻል፤ ስለዚህ አይገባም። ቀለመ ወርቅ ታዲያ ምን ችግር አለ፣ መቃኑን ነቅለን እናሰፋዋለን አለና አናጢውን ዋሴን ጠራው። ዋሴ ሥዕሉን ገልብጦም ዘቅዝቆም ካየ በኋላ ፈረሱ የታለ ብሎ ጠየቀ። ሰው ነው ከኋላ የሚገፋው ሲባል፣ እንዲያ ከሆነ ዳገቱስ ይሁን፣ ቁልቁለቱ ላይ ማን ሊይዘው ነው አለ። ለጋይንት መንገድ ጎማ ሳይሆን ኮቴ ነው የሚያዋጣው ብሎ ሲያስቀን ቆይቶ መቃኑን መለካት ሲጀምር፣ እማሆይ ከተቀመጡበት ሳይነሱ በለሆሳስ፣ «የቤት በር የሚፈርሰው ቃሬዛ ሊያልፍ ሲል ነው» አሉ። ዋሴ መለኪያ ገመዱን ጠቅልሎ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ሄደ። የጎን ለጎኑ ነገር በዚያው አበቃ።

የረጅሙ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በበሩስ ይገባል፤ ግን ማን ከፊት ይቀመጥ? ከፊት ያለው የመንገደኛውን ዓይንም ነፋሱንም ይቀበላል፤ ከኋላ ያለው የወንድሙን ጀርባ ሲያይ ይውላል። ትልቁን ከፊት፣ ትንሿን ከኋላ ልበል ስል ሰው ዞር ብሎ የማያያት ልጅ ላደርጋት ነው ብዬ ተውኩት። መቼም እዚህ ሰው እንዴት እንደሚያያት ብነግርሽ። ጎረቤቴ አልጣሽ ልትጠይቀኝ መጥታ ወንዱን ገልጣ አየችና እደግ፣ እደግልኝ፣ ተመንደግ አለችው። ሴቷንም ገለጠች። መልሳ ሸፈነቻትና እግዜር ያውቃል አለች። ከእሷ በኋላ የመጡትን ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኳቸው። አንድም ሰው እደጊ ያላት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መንታዎቼ ወንድና ሴት በመሆናቸው ሥርዓቱ ለየብቻ ነው፤ እሱ በአርባ ቀኑ፣ እሷ በሰማንያዋ ክርስትና ይነሣሉ። እኔም ሴት በመውለዴ እስከ ሰማንያው ድረስ ቤተ ክርስቲያን አልገባም። የልጄ አርባ ቀን ባለፈው ሰኞ ነበር። እማሆይና የክርስትና አባቱ ይዘውት ሄዱ፤ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ እስኪሰወሩ አየኋቸው። ሲመለስ ማተብ አስሮ፣ ሜሮን ተቀብቶ፣ ጥጋቡ የነበረው ኪዳነ ማርያም ተብሎ መጣ። ድግሱን ሁዳዴ በመሆኑ ወደ እኅቱ ቀን አስተላልፈነዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ላይ እንደግስላቸዋለን ተባለ። ደስታዬን ልነግርሽ አልችልም። ልጄን ተቀብዬ፣ ከተወለዱ ጀምሮ አብረው የሚተኙበት ገበቴ ውስጥ፣ አጎዛው ላይ፣ ከእኅቱ ጎን ላስተኛው ጎንበስ ስል እማሆይ እጄን ያዙኝ።

እሱ ክርስቲያን ሆኗል፤ እሷ ገና ናት አሉኝ። ሜሮን የተቀባ ገላ ካልተጠመቀ ገላ ጋር አይተኛም፤ ሰማንያዋ እስኪሞላ ይለያዩ አሉ። ከየት እንዳመጡት አልጠየቅኩም። ዐሥረኛ ክፍል የደረስኩ መምህር ሆኜ፣ የተማሪ ደብተር ላይ ስሕተት ሳይ ቀይ የማሰምር ሴትዮ፣ ሜሮን ሲሉኝ ፈራሁ። ልጅቷን በነጠላቸው ጠቅልለው ጓዳ ወሰዷት። ገበቴው ውስጥ የእሷ ጎን ባዶውን ቀረ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አልጠባ አለች። ማክሰኞ ጡቴን አፏ ውስጥ አስገብቼ ብጨምቅላት ወተቱ በጉንጯ ይፈስሳል እንጂ አትውጠውም። እማሆይ ክፉ ሰው አይደሉም አልኩሽ፤ ቀኑን ሙሉ ደረታቸው ላይ አስረዋት ዳዊት እየደገሙ ሲንቆራጠጡ ይውሉ ነበር። ግን እሳቸውም ሥጋ የላቸው፤ የንፋስ መውጫ ብርድ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ በግድግዳው ስንጥቅ የሚገባው ነፋስ መብራት ያጠፋል። እግሯን ብነካው የጠዋት ድንጋይ ሆኗል። ረቡዕ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አቶ መልአኩ የመድኃኒት ሳጥኑን ይዞ መጣ። ጥፍሯን አየ፣ የዓይኗን ቆብ ገለበጠ፣ በጠብታ መስጫ ሁለት ሦስት ጠብታ ወተት አንጠባጠበላት። እስከ ነገ ካልጠባች እኔ ሳጥን ውስጥ የሚረዳት ነገር የለም አለኝ። ወጥቶ ከበሩ ተመለሰና፣ ሙቀት ነው የሚያስፈልጋት፣ ሙቀት አለ። እኔም እሳቱን አስጨመርኩ። ሌላ ሙቀት መኖሩ ትዝ አላለኝም፤ በዚህ ራሴን ይቅር የምለው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት እማሆይ ወደ ነፍስ አባታችን ወደ መምሬ ገብረ ኢየሱስ ላኩ። እሳቸውም ለነፍሷ የሚያሰጋ ከሆነ ሰማንያ አይጠበቅም፣ ከቅዳሴ ስወጣ በአጥራችሁ በኩል አልፋለሁ፣ እስከዚያ ካልጠባች ይዛችኋት ተከተሉኝ፣ ዛሬውኑ ትጠመቃለች ብለው መለሱ። በሁዳዴ ቅዳሴው የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ቀለመ ወርቅ ይህን ሲሰማ ኮቱን ለብሶ ቁጭ አለ፤ የትም የሚሄድ ሰው አይመስልም፤ ዝም ብሎ ኮቱን ለብሶ ቁጭ አለ። እማሆይም ከከረጢታቸው አዲስ ነጭ ልብስ አወጡ። ለካ ፈትለው ያሸመኑላቸው ሁለት ትንንሽ ልብሶች ነበሩ። የወንዱን ሰኞ ለብሶት አይቼዋለሁ፤ ዳር ዳሩ ቀይ ጥለት አለበት። ይሄኛው ጥለት የለውም። የምን ልብስ ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ሳያነሱ ልብስ ልብስ ነው አሉኝ። ሳትጠመቅ ብታልፍ ፍትሐትም የላት፣ ደጀ ሰላሙንም አታልፍ፣ ይህን አስቢ እንጂ ጥለቱን አትይ አሉኝ። ስንዱዬ፣ ይህ መግነዝ የመሰለኝ ልብስ መቼ እንደተሸመነ ቆጠርኩ። ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የተሸመኑት። ልጅቷ ገና ስትጠባ፣ ገና ደህና ሳለች ማለት ነው።

እማሆይ ሊዘጋጁ ብለው ልጅቷን አልጋዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ልጁ ገበቴው ውስጥ ነቅቶ አየር ይረግጣል። እሷ አትረግጥም። እንግዲህ ልትጠመቅ ነው፣ ዛሬ ክርስቲያን ልትሆን ነው፣ ለሁለት ሰዓት ብትቀድም ምን ይደረጋል ብዬ ይሁን፣ ወይስ ምንም ሳላስብ፣ እኔ እንጃ፤ መጠቅለያዋን ፈትቼ፣ የእሱንም ፈትቼ፣ ገላ ለገላ አድርጌ ከጎኑ አስተኛኋትና ጋቢዬን ደረብኩባቸው። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ብርዷን መሰለኝ። ከዚያ ጡት እንደሚፈልግ አድርጎ ጉንጯን በአፉ ይፈልግ ጀመር፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ፣ ምራቁን እያዝረከረከ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። እግሯ መሞቅ ሲጀምር እጄ ከጋቢው ሥር ነበር። አንገቷን ወደ እሱ አዞረች፤ አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ነው ቶሎ ብዬ ጎንበስ ብዬ ጡቴን የሰጠኋት። ያዘችው። ስትውጥ ድምፁን ሰማሁት።

ወዲያው መምሬ ገብረ ኢየሱስ መጡ። የአራስ ቤት ስለሆነ አይገቡም፤ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠባች ወይ ብለው ጠየቁ። አባቴ፣ እየጠባች ነው አልኳቸው ካለሁበት። ልጁስ የት ነው አሉ። እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል፤ ልብሱ በእጃቸው ነው። መዋሸት አቃተኝና ከጎኗ ነው፣ አባቴ፣ አብረው ናቸው፣ ሜሮኑን አስነክቼበት እንደሆነ ንስሐውን ስጡኝ አልኩ። እሳቸው ግን፣ «ሜሮን በእኅት ገላ ይረክሳል ብሎ ማን ነገረሽ?» አሉ። ለእኔ ይሁን ለእማሆይ እንጃ። ከዚያ መምሬ ቀስ ብለው፣ «በሉ እንግዲህ አታንሷት፤ ሰማንያዋን ትሙላ። ውኃው ይቆያታል» አሉና ሄዱ። ቀለመ ወርቅ ኮቱን አወለቀ።

ስለዚህ ምርጫዬን ልንገርሽ፤ ሦስተኛውን። መካከሉ የማይከፈለውን፣ ጎድጎዱን፣ እግር ለእግር የሚገጥሙበትን። ስፋቱ ስልሳ አንድ ስለሆነ በራችን ሳይነካ ይገባል። ጥልቀቱ ነፋሱን ይከልላል፤ ክዳኑም ከሁለቱም በኩል የሚወርድ ይመስላል፣ ከሆነ እሰየው። ባለሱቁን ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። ጎማዎቹ ይወልቃሉ ወይ? ከደብረ ታቦር ወዲህ ሁለት ቀን በበቅሎ ነው የሚመጣው፤ ካልወለቁ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ደግሞ የሚያቆመው ነገር፣ ፍሬን፣ አለው ወይ? ዋሴ ስለ ቁልቁለቱ ያለው ነገር ከቀልድም አልፎ ከልቤ አልወጣ ብሏል። በቅሎውን ይዞ ደብረ ታቦር የሚጠብቅሽ ራሱ ዋሴ ነው። ለአንድ የሚሆነውን ግን ባለሱቁ በነጻ ቢሰጥሽም እንዳትቀበይው። እቤቴ እንዳይገባ።

ሁሉም ነገር ደህና ሆነ ብዬ እንዳላታልልሽ ደግሞ ይህን ልጨምር። ዛሬ ጠዋት ስመለከታቸው እሷ ተኝታለች፤ እሱ ግን ዓይኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ያያታል። በፊት አየር የሚረግጠው ልጅ አይረግጥም። የጠባውም ከወትሮው ያነሰ መሰለኝ። እማሆይ አይተውት ከራሱ እየሰጣት ነው አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ግንባሩን ዳሰስኩት፤ አይተኩስም። አቶ መልአኩን አስጠርቼዋለሁ፤ እስኪመጣ ነው ይህን የምጽፈው። ለድግሱም ብቅል እንድናበቅል ብል እማሆይ ገና ነው፣ ሰባ ቀኗን ትለፍና አሉኝ። ጥለት የሌለውን ልብስ የት እንዳስቀመጡት አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዛሬ አርባ አምስት ቀኗ ነው። ሠላሳ አምስት ይቀራል። ስሟን እማሆይ ሳትጠመቅ አይጠራም ስላሉ ጮክ ብዬ አልጠራውም፤ ለአንቺ ብቻ ልጻፈው፣ አዲስዓለም ናት።

ለበላይነህ የአማች ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ያን የቆዳ ጫማውን ለመንገዱ እንዳያደርገው፣ ድንጋዩ ይጨርሰዋል በይው። ደምሌን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ፤ አብረውት የሚጫወቱ ሁለት ዘመዶች እንዳሉት ንገሪው፣ ሁለት በይው። አብራችሁ ላለችው ለአክስታችን ለአዛለች ጉልበቷን ስሚልኝ፤ በጸሎቷ ሁለቱንም በአንድ ላይ ታንሣልኝ፣ ለየብቻ አታንሣቸው። ቀለመ ወርቅ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል። እማሆይም እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ ይላሉ። ደብዳቤው ሰኞ በፍርድ ቤቱ መልእክተኛ እጅ ይወጣል።

የምትወድሽ እኅትሽ ዓለምጸሐይ
ንፋስ መውጫ፣ መጋቢት 30 ቀን 1959 ዓ.ም.

ከቀኑ በታች ይህን ጨመርኩ፤ እንዳይጠፋሽ ለብቻው ልጻፈው ብዬ ነው። የክርስትናዋን ቀን አዋዋል አይቼዋለሁ፣ ፋሲካ ያለፈበት ነው፣ ሥጋው ይበላል። ዋዜማውን ዓርብ ገብታችሁ እደሩ። ከዚያ በፊት ግን ማናችሁም እንዳትመጡ፤ ከዚያ በፊት ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ ለምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ውሻው በጮኸ ቁጥር ልቤ ይቆማል። በቀኑ ደግሞ ማንም እንዳይቀር፣ አክስቴም በበቅሎ ትምጣ። ቀኑ ግንቦት አምስት፣ ቅዳሜ ነው።